ለድረ ገጽ መተግበሪያዎች የሚያገለግሉ የመዘዋወሪያና የገጽ ክፍፍል አጋዥ ክፍሎች

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




መግቢያ

መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ስለ ገጽ ቁጥር እምብዛም አያስብም። ቁጥሩ በቦታው እስካለ ድረስ ዐይኑ አልፎት ይሄዳል፤ የሚያስተውለው ቁጥሩ ሲዘለል ወይም ሲደገም ብቻ ነው። በጥንታዊው የብራና ሥራ ጸሐፍት በየጥራዙ መጀመሪያ የግዕዝ ቁጥር ያኖሩ የነበረው ለጌጥ ብለው አይደለም። ጥራዞቹ ሲሰፉ ቦታቸውን እንዳይስቱ ነው። ገጽን መቍጠርና አንባቢን ከገጽ ወደ ገጽ መምራት እንግዲህ የቆየ ሙያ ነው፤ አዲስ የሆነው መሣሪያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሴርን የምርምር ድርጅት ውስጥ የዓለም አቀፉን ድር ሐሳብ ሲያቀርብ ዋናው ዓላማ ሰነዶችን በማያያዣ እርስ በርሳቸው ማገናኘት ነበር። ዛሬ ግን በአብዛኞቹ አገልግሎቶች ላይ የሚታየው ገጽ አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ሰነድ አይደለም። ተጠቃሚው ሲጠይቅ ሰርቨሩ ከመረጃ ቋት ረድፎችን አንሥቶ በዚያው ቅጽበት ያዘጋጀዋል። የባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴ፣ የተማሪዎች ውጤት፣ የመጋዘን ዕቃ ዝርዝር፣ የማኅበር አባላት መዝገብ ሁሉም እንዲህ ናቸው። ረድፎቹ በሺሕ ሲቈጠሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መላክ የሰርቨሩን ጉልበት፣ የመሥመሩን አቅምና በስልክ የሚጠቀመውን ሰው ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ስለሆነም ዝርዝሩ በገጽ በገጽ ይከፈላል። ተጠቃሚውም ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው፣ ከአንዱም ክፍል ወደ ሌላው የሚሄድባቸው ማውጫዎችና ማያያዣዎች ይበጁለታል።

ይህ ሥራ በአብዛኛው ለመጨረሻው ቀን ይተዋል። ዋናው ፕሮግራም ተጽፎ ካለቀ በኋላ «ቀዳሚ» እና «ቀጣይ» የሚሉ ሁለት ቃላት ከግርጌ ይጨመራሉ፤ ያው ኮድ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በአሥራ ሁለት ቦታ የተገለበጠ ስሕተት በአንዱ ሲታረም በአሥራ አንዱ ይቀራል። በዚህ ንግግር የሚታየውም ይህ ትንሽ መስሎ የሚታይ ክፍል ሒሳብ የሚጠይቅ የምሕንድስና ሥራ መሆኑና አንድ ጊዜ በሚገባ ተሠርቶ በብዙ ቦታ ሊያገለግል የሚችልበት መንገድ ነው።

ሳይታዩ የሚቀሩት አርባ ማመልከቻዎች

የነገሩን ክብደት ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአንድ መሥሪያ ቤት ውሳኔ የሚጠብቁ 100 ማመልከቻዎች አሉ እንበል። ማመልከቻዎቹ በደረሱበት ቅደም ተከተል ከ1 እስከ 100 ተቈጥረዋል፤ በአንድ ገጽ 20 ይታያሉ። ፕሮግራሙ እንደ ተለመደው ለመረጃ ቋቱ «የመጀመሪያዎቹን ይህን ያህል ረድፎች ዝለልና ቀጥሎ ያሉትን 20 ስጥ» ብሎ ያዛል። ይህ በኤስኪውኤል ቋንቋ ኦፍሴትና ሊሚት በተባሉት ቃላት የሚገለጸው ትእዛዝ ነው።

ሠራተኛዋ ገጽ 1ን ከፍታ ከ1 እስከ 20 ያሉትን ማመልከቻዎች መርምራ ሁሉንም ትወስናለች። የተወሰነላቸው ማመልከቻዎች ከሚጠባበቁት ዝርዝር ይወጣሉ፤ 80 ይቀራሉ። ከዚያም «ቀጣይ» የሚለውን ትጫናለች። ፕሮግራሙ ለገጽ 2 ሃያ ረድፎች ይዘልላል። ነገር ግን የሚዘልላቸው ሃያዎች አሁን በዝርዝሩ ራስ ላይ የሚገኙት ከ21 እስከ 40 ያሉት ናቸው። ስለዚህ በፊቷ የሚቀርቡላት ከ41 እስከ 60 ያሉት ይሆናሉ። እነርሱንም ወስና ወደ ገጽ 3 ስታልፍ ፕሮግራሙ 40 ረድፎች ዘልሎ ከ81 እስከ 100 ያሉትን ያቀርባል። ገጽ 4ን ስትጠይቅ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሠራተኛዋ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ያየች ይመስላታል፤ ሥራዋንም በቅን ልቡና ሠርታለች። ከ21 እስከ 40 እና ከ61 እስከ 80 ያሉት፣ ማለትም አርባ ሰዎች፣ ማመልከቻቸው ግን ከቶ አልታየም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የስሕተት መልእክት አልወጣም። የመረጃ ቋቱ የታዘዘውን በትክክል ሰጥቷል፤ የገጹ ሒሳብም በራሱ ትክክል ነው። ጉድለቱ ያለው «ገጽ 2» የሚለው ቃል የሚለዋወጥ ዝርዝርን እንደማይለወጥ መጽሐፍ አድርጎ መቍጠሩ ላይ ነው። በመጽሐፍ አንባቢው ያነበበውን ቅጠል ቀዶ አይጥልም፤ በዚህ ዐይነቱ ዝርዝር ግን የተነበበው ሁሉ እየተቀደደ ይሄዳል። በሌላ በኩል አዲስ ረድፍ በዝርዝሩ ራስ ላይ የሚጨመርበት ሥርዓት ከሆነ፣ ሁሉም አንድ ደረጃ ወደ ታች ስለሚወርድ የገጽ 1 የመጨረሻ ረድፍ በገጽ 2 መጀመሪያ ላይ ተደግሞ ይታያል። መደገሙ ያሰለቻል፤ መዘለሉ ግን ሰውን ይጎዳል።

ከሦስት መክፈል

የአጋዥ ክፍል አሠራር የሚጀምረው የተደባለቁ ተግባሮችን በመለየት ነው። በአንድ ቦታ ተጨቅጭቀው የሚገኙት ነገሮች ሲበተኑ ሦስት ናቸው። አንደኛው ሒሳቡ ነው፤ ስንት ገጽ እንዳለ፣ አሁን በየትኛው ላይ እንደተደረሰና ከየትኛው ረድፍ እስከ የትኛው እንደሚታይ ያሰላል። ሁለተኛው ማያያዣ ሠሪው ነው፤ ወደ እያንዳንዱ ገጽ የሚወስደውን አድራሻ ያዘጋጃል። ሦስተኛው ሠዓሊው ነው፤ ውጤቱን በኤችቲኤምኤል አድርጎ በተጠቃሚው ፊት ያቀርባል።

ሒሳቡ ስለ ቀለምና ስለ ፊደል ማወቅ የለበትም። ሠዓሊውም ስለ መረጃ ቋት ማወቅ የለበትም። በዚህ መንገድ የተከፈለ አጋዥ ክፍል መልኩ ሲለወጥ ሒሳቡ አይነካም፤ የመረጃ ቋቱም ሲለወጥ መልኩ አይናጋም።

በሥራ ላይ ካሉት ማዕቀፎች ጃንጎ ጥሩ አብነት ይሆናል። ይህ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ማዕቀፍ በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት በሎረንስ ከተማ በአንድ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ የቀረበ ነው። በውስጡ ፓጂኔተር የተባለው ክፍል ሒሳቡን ብቻ ይሠራል፤ ሥዕሉን ለገጽ ቅጹ ይተዋል። በሩቢ ቋንቋ የተጻፈውና እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሬይልስ በበኩሉ በመጀመሪያ የገጽ ክፍፍልን በራሱ ውስጥ ይዞ ነበር። በ2007 በወጣው ሁለተኛ ዕትሙ ግን ይህን ክፍል ከዋናው ማዕቀፍ አወጣው፤ ዊል ፓጂኔትና ካሚናሪ የተባሉ ራሳቸውን የቻሉ ላይብረሪዎችም አገልግሎቱን ይሰጣሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጋዥ ክፍል ሌላውን ሳያፈርስ ወጥቶ በሌላ ሊተካ የሚችል ሆኖ መሠራት ያለበት መሆኑ ነው።

ሒሳቡ

የገጾችን ብዛት ለማግኘት ጠቅላላው የረድፍ ብዛት ለአንድ ገጽ መጠን ተካፍሎ ቀሪ ካለ ወደ ላይ ይጠጋጋል። በሙሉ ቁጥር ለሚያካፍል ኮምፒዩተር ቀላሉ መንገድ ከማካፈል በፊት ከገጹ መጠን አንድ ተቀንሶ የቀረውን መጨመር ነው። በገጽ 20 ሆኖ 95 ረድፎች ቢኖሩ 95 ሲደመር 19 ይሆናል 114፤ ለ20 ሲካፈል 5 ገጽ። ለ100 ረድፎች 119 ለ20፣ እንደገና 5። ለ101 ረድፎች 120 ለ20፣ 6 ገጽ ይወጣል። የገጹ የመጀመሪያ ረድፍ የገጹ ቁጥር አንድ ሲቀነስለት በመጠኑ ተባዝቶ አንድ ይጨመርበታል። የመጨረሻው ረድፍ ደግሞ የገጹ ቁጥር በመጠኑ ሲባዛ ከሚገኘውና ከጠቅላላው ብዛት ትንሹ ነው። ለገጽ 5 ከ81 እስከ 100 ሳይሆን ከ81 እስከ 95 መባል ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ስሕተት ከየት ይመጣል? ከዳር ይመጣል። ምንም ረድፍ በሌለበት ጊዜ ያልተጠነቀቀ ፕሮግራም «ከ1 እስከ 0» ብሎ ይጽፋል። ተጠቃሚው በአድራሻው ላይ የገጹን ቁጥር ዜሮ፣ ከዜሮ በታች ወይም ፊደል አድርጎ ቢጽፍ ምን ይሁን? ከመጨረሻው ገጽ ያለፈ ቁጥር ቢጠይቅስ? ጃንጎ ለዚህ ሁለት በሮች አዘጋጅቷል። አንደኛው ጥብቅ ነው፤ ያልተስተካከለ ጥያቄ ሲመጣ ስሕተት ብሎ ያስታውቃል። ሁለተኛው ይቅር ባይ ነው፤ ቁጥር ላልሆነ ጥያቄ የመጀመሪያውን ገጽ፣ ከክልል ውጪ ለሆነም የመጨረሻውን ገጽ ይሰጣል። ለሰው በሚቀርብ ገጽ ሁለተኛው ይመቻል። ፕሮግራም ለፕሮግራም በሚያነጋግርበት ቦታ ግን ጥብቁ ይሻላል፤ ምክንያቱም መጨረሻውን ገጽ ደጋግሞ የሚቀበል ፕሮግራም ማለቁን ሳያውቅ ለዘለዓለም ሊጠይቅ ይችላል።

ሌላው የዳር ጉዳይ የትርፍራፊዎቹ ነው። በገጽ 20 ሆኖ 42 ረድፎች ቢኖሩ ሦስተኛው ገጽ ለሁለት ረድፎች ብቻ ይከፈታል። የጃንጎ ክፍል የትርፍራፊ ወሰን እንዲሰጠው ይቀበላል። ወሰኑ 2 ከሆነ ሁለቱ ረድፎች ወደ ፊተኛው ገጽ ተጨምረው ሁለት ገጾች ብቻ ይሆናሉ፤ ሁለተኛውም 22 ረድፎች ይይዛል። በዝግተኛ መሥመር ለሚጠቀም ሰው አንድ ገጽ መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም።

ገጾቹ ሲበዙ ደግሞ የቁጥሮቹ ተርታ ራሱ ይረዝማል። ስልሳ ገጽ ያለው ዝርዝር ስልሳ ቁጥሮችን ከግርጌ መደርደር የለበትም። የተለመደው ዘዴ ሁለቱን ዳሮችና የአሁኑን ገጽ አካባቢ ማሳየት ነው። ከየዳሩ ሁለት፣ በአሁኑ ገጽ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ቢታይ፣ በገጽ 25 ላይ ያለ ሰው 1 እና 2፣ ከዚያ ነጠብጣብ፣ ከዚያ ከ22 እስከ 28፣ እንደገና ነጠብጣብ፣ በመጨረሻ 59 እና 60 ያገኛል። ስልሳው ቁጥር ወደ አሥራ አንድ ወረደ ማለት ነው። ነጠብጣቡ የሚሸፍነው አንድ ገጽ ብቻ ሲሆን ግን ቁጥሩን መጻፍ ይበልጣል፤ የሚይዘው ቦታ ያው ነውና።

ማያያዣ ሠሪው

አንድ ተጠቃሚ የአባላትን መዝገብ ከፍቶ በባሕር ዳር የሚኖሩትን ብቻ መረጠ፤ በስምም ቅደም ተከተል አስደረደረ እንበል። ገጽ 2 የሚለውን ሲጫን የመረጠው ማጣሪያ ጠፍቶ የመላው አገር ዝርዝር ገጽ 2 ቢመጣበት የደረሰበትን አያውቅም። ይህ የሚሆነው ማያያዣው «ገጽ 2» የሚለውን ብቻ ይዞ በአድራሻው ላይ የነበሩትን ሌሎች መረጃዎች ስለጣለ ነው። ማያያዣ ሠሪው ስለዚህ የአሁኑን አድራሻ ይወስዳል፤ የገጹን ቁጥር ብቻ ይለውጣል፤ የቀረውን እንዳለ ያስተላልፋል። የጃንጎ አዘጋጆች ለዚህ ጉዳይ የተለየ መሣሪያ በማዕቀፉ ውስጥ ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 5.1 ዕትም ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሲጽፉ ኖረዋል።

ተቃራኒውም መታሰብ አለበት። ተጠቃሚው ማጣሪያውን ሲለውጥ የገጹ ቁጥር ወደ 1 መመለስ ይኖርበታል። በአዲሱ ማጣሪያ ሦስት ገጽ ብቻ ያለው ዝርዝር ገጽ 17 ቢጠየቅ ባዶ ይሆናል፤ ሰውየውም የፈለገው የሌለ ይመስለዋል።

ከአድራሻ የሚመጣ ነገር ሁሉ ከውጭ የመጣ መሆኑም አይዘነጋም። የገጹን መጠን ተጠቃሚው እንዲመርጥ ከተፈቀደ ጣሪያ ይደረግለት፤ አለዚያ አንድ ሚሊዮን ረድፍ የሚጠይቅ ሰው ሰርቨሩን ሊያንበረክክ ይችላል። ወደ ገጹ የሚመለሰው ጽሑፍም ልዩ ምልክቶቹ እየተለወጡ ይጻፍ፤ አለዚያ በፍለጋ ቃል ስም የገባ ባዕድ ኮድ በሌላ ሰው ብራውዘር ውስጥ ሊሠራ ይችላል። አጋዥ ክፍሉ አንድ ከሆነ ይህ ጥንቃቄ በአንድ ቦታ ይደረጋል። በአሥራ ሁለት ቦታ የተገለበጠ ከሆነ ግን አንዱ ክፍት መቅረቱ አይቀርም።

አንድ ሕግ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጠበቅ፦ መዘዋወሪያ ማያያዣ ምንም ነገር መለወጥ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤችቲቲፒ ደንብ፣ አርኤፍሲ 9110፣ ጌት የተባለውን የጥያቄ ዐይነት ደኅንነቱ የተጠበቀ፣ ማለትም ለማንበብ ብቻ የሆነ ይለዋል። ይኸው መርሕ በቀደሙት ደንቦችም ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ጉግል ዌብ አክሰለሬተር የተባለ ፕሮግራም ባወጣ ጊዜ ፕሮግራሙ ገጾችን ለማፋጠን በገጹ ላይ ያሉትን ማያያዣዎች አስቀድሞ ይከፍት ነበር። «ሰርዝ» የሚለውን ተግባር በተራ ማያያዣ ያስቀመጡ አገልግሎቶች መዝገቦቻቸው ማንም ሳይነካቸው ሲሰረዙ ተገኙ። በር መስሎ የተሠራ ጉድጓድ የገባበትን ሁሉ ይውጣል።

ማውጫና ዱካ

ከገጽ ክፍፍል ጎን የሚቆመው የማውጫው አጋዥ ክፍል ነው። ሥራው ለተጠቃሚው ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ነው፦ አሁን የት ነኝ? ወዴት መሄድ እችላለሁ? ከየት መጣሁ? የመጀመሪያውን ለመመለስ ብዙ ፕሮግራሞች የአሁኑን አድራሻ መነሻ ከማውጫው አድራሻ ጋር በፊደል ያስተያያሉ። እንዲህ ሲሆን «/አባል» የሚለው ክፍል ተጠቃሚው «/አባልነት» ውስጥ ባለ ጊዜም እንደተከፈተ ሆኖ ይበራል። ማስተያየት የሚገባው በመሥመር በተከፈለው ሙሉ ቃል እንጂ በፊደላት መነሻ አይደለም። ከዚያም የሚሻለው ለእያንዳንዱ ገጽ ስም ሰጥቶ በስሙ ማስተያየት ነው፤ አድራሻ ይለወጣል፣ ስም ግን ይቆያል።

የት እንዳሉ መናገር በቀለም ብቻ አይበቃም። ዐይነ ስውራን የሚጠቀሙባቸው ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራሞች ቀለምን አያነቡም። ለዚህ ሲባል እ.ኤ.አ. በ2017 በጸደቀው የአሪያ 1.1 ደንብ ውስጥ ተጠቃሚው ያለበትን ገጽ የሚያመለክት አሪያ ከረንት የተባለ ምልክት ተጨምሯል። የቁጥሮቹም ተርታ «ናቭ» በተባለው የኤችቲኤምኤል ክፍል ውስጥ ሆኖ ስም ሊሰጠው ይገባል። ቁጥሩን ብቻ፣ «ሁለት»፣ «ሦስት» እያለ የሚያነብ ድምፅ ለሰሚው ምንም አይናገርም፤ «ገጽ ሁለት» ሲል ግን ይናገራል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ቀዳሚ» የሚለው ቃል ማያያዣ መሆን የለበትም፤ የትም የማይወስድ በር ለሚዳብስ ሰው ከግድግዳ ይከፋል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ በየገጹ በተናጠል ቢጠየቅ ማንም አያደርገውም። በአጋዥ ክፍሉ ውስጥ አንድ ጊዜ ሲጻፍ ግን ሁሉም ገጽ ሳያውቀው ያገኘዋል።

ፍጥነትና እውነተኛነት

ወደ አርባዎቹ ማመልከቻዎች እንመለስ። መፍትሔው ገጽን በቁጥር ከመጠየቅ ይልቅ በመጨረሻ የታየውን ረድፍ መነሻ ማድረግ ነው። ማያያዣው «ገጽ 2» በማለት ፈንታ «ከማመልከቻ 20 ቀጥሎ ያሉትን 20» ይላል። ሠራተኛዋ የፊተኞቹን ብትወስንም ባትወስንም ቀጥሎ የሚመጣው 21 ነው። ለጊዜው ያቆየችው ማመልከቻ ቢኖር በቦታው ይቆያል፤ መንገዷን ግን አይዘጋም። ማንም አይዘለልም።

ይኸው ዘዴ በፍጥነትም ይጠቅማል። የመረጃ ቋት እንዲዘልል ሲታዘዝ የሚዘላቸውን ረድፎች አንድ በአንድ እያለፈ መቍጠር አለበት። በገጽ 20 ሆኖ ገጽ 5000ን የሚጠይቅ ሰው 20 ረድፎችን ለማየት 99,980 ረድፎችን ያስጥላል። መነሻው ረድፍ በታወቀ ጊዜ ግን ተስማሚ ኢንዴክስ ያለው የመረጃ ቋት በቀጥታ ወደ ቦታው ይሄዳል፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ገጽ ተቀራራቢ ጊዜ ይወስዳሉ። ተጨማሪ ገጽ መኖሩን ለማወቅም ሁሉን መቍጠር አያስፈልግም፤ በ20 ፈንታ 21 ረድፍ ተጠይቆ ሃያ አንደኛው ከተገኘ «ቀጣይ» ይጻፋል፤ ካልተገኘ አይጻፍም።

ለዚህ ዘዴ ሁለት ግዴታዎች አሉት። ቅደም ተከተሉ የማያሻማ መሆን አለበት። በአንድ ቀን የደረሱ ሠላሳ ማመልከቻዎች በቀን ብቻ ቢደረደሩ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ ከቀኑ በተጨማሪ የመዝገቡ ልዩ ቁጥር ሁለተኛ መለያ ይሁን። መለያውም የማይለዋወጥ ቢሆን ይመረጣል። ዋጋውም ግልጽ ይሁን፦ በዚህ ዘዴ ተጠቃሚው በቀጥታ ወደ ገጽ 37 መዝለል አይችልም፤ «ከስንት ገጽ ስንተኛው» የሚለውም አይታወቅም። ለማይለወጥ አነስተኛ ዝርዝር፣ ለምሳሌ ለአንድ ዓመት የተዘጋ ሒሳብ፣ የገጽ ቁጥር ይመቻል። ለሚለዋወጥና ሰው ውሳኔ ለሚሰጥበት ዝርዝር ግን መነሻ ረድፉ የግድ ነው። አጋዥ ክፍሉ ሁለቱንም በአንድ መልክ ሊያቀርብ ይገባል፤ ሠዓሊው የሚያውቀው ቀዳሚና ቀጣይ መኖራቸውን ብቻ ስለሆነ ምርጫው እርሱን አይነካውም።

የአማርኛ ጉዳይ

በሌላ ቋንቋ የተሠራ አጋዥ ክፍል ወደ አማርኛ ሲመጣ ሦስት ነገሮች ይፈትኑታል። የመጀመሪያው የዐረፍተ ነገር አሠራር ነው። «ከ95 መዝገቦች ከ41 እስከ 60 ያሉት ይታያሉ» በሚለው ውስጥ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ «ከ» የሚለውም ከቁጥሩ ጋር ይጣበቃል። ቃላትን በየቍራጩ ተርጕሞ ማገጣጠም ስለማይሆን፣ ሙሉው ዐረፍተ ነገር ለቁጥሮቹ ቦታ ተትቶለት አንድ ላይ ይተርጐም። የነጠላና የብዙ ቁጥር ደንብም ከእንግሊዝኛው ይለያል። የዓለም ቋንቋዎችን ደንብ በሚሰበስበው በሲኤልዲአር መሠረት በአማርኛ 0 ከ1 ጋር በነጠላው ወገን ይመደባል፤ በእንግሊዝኛ ግን 0 ከብዙው ጋር ነው።

ሁለተኛው የፊደል ቅደም ተከተል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው ዕትም ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም በቁጥር የተለያዩ ናቸው። ኮምፒዩተሩ በቁጥራቸው ብቻ ሲደረድር «ዓለሙ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «አለሙ» ከተባለው እጅግ ርቆ፣ ምናልባትም ከብዙ ገጾች በኋላ ይገኛል። በአ ገጽ ፈልጎ ያጣው ባለሙያም «አልተመዘገቡም» ብሎ ይመልሰዋል። መድኃኒቱ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ተጠብቆ፣ ከጎኑ ድምፀ አንድ ፊደላት ወደ አንድ የተመለሱበት የመደርደሪያና የመፈለጊያ ቅጂ ማስቀመጥ ነው። የመነሻ ረድፉም መለያ ይህ ቅጂና የመዝገቡ ልዩ ቁጥር በአንድነት ይሆናሉ። ዝርዝሩም በራስ ስም እንጂ በአባት ስም አይደረደርም።

ሦስተኛው ቁጥሩ ነው። የገጽ ቁጥር በግዕዝ እንዲጻፍ የሚፈልግ ቢኖር ገጽ 25 ፳፭ ተብሎ ይጻፋል። በግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለም፤ ለመቶና ለዐሥር ሺሕም የራሳቸው ምልክት አላቸው። ስለሆነም ሒሳቡ በተለመደው ቁጥር ተሠርቶ የሚለወጠው በሠዓሊው እጅ ብቻ ነው። ሦስቱን ተግባሮች የመለየት ጥቅም እዚህ ላይ እንደገና ይታያል።

ፈተና

ሒሳቡ ከሌላው የተለየ በመሆኑ ያለ ብራውዘርና ያለ መረጃ ቋት ሊፈተን ይችላል። በገጽ 20 ሆኖ ለ0፣ 1፣ 19፣ 20፣ 21፣ 40 እና 41 ረድፎች የገጾቹ ብዛት በቅደም ተከተል 1፣ 1፣ 1፣ 1፣ 2፣ 2 እና 3 መሆኑ ይረጋገጥ፤ ባዶው ዝርዝር እንደ አንድ ባዶ ገጽ ይቈጠራልና። ማያያዣ ሠሪው ማጣሪያ መያዙ፣ ማጣሪያ ሲለወጥ ወደ 1 መመለሱ ይታይ። ከሁሉም በላይ የአርባዎቹ ማመልከቻዎች ምሳሌ ራሱ ወደ ፈተና ይለወጥ፦ መቶ መዝገብ ተፈጥሮ፣ በየገጹ የታየው ሁሉ እየተወሰነ እስከ መጨረሻው ይኬድ፤ በመጨረሻም የታዩት ተለይተው ይቈጠሩ። መልሱ 100 ካልሆነ አጋዥ ክፍሉ ለሥራ አልደረሰም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል ለማኅበሩ አባላት የሚቀርበው ሐሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ የመዘዋወሪያና የገጽ ክፍፍል ሥራ ከየፕሮግራሙ ተነቅሎ በአንድ የጋራ ክፍል ይቀመጥ፤ ሒሳቡ፣ ማያያዣውና ሥዕሉም ይለያዩ። ሁለተኛ፣ ማዕቀፉ የሚሰጠው ሲበቃ አዲስ አይጻፍ፤ ሲያንስ ብቻ ይጨመርበት። ሦስተኛ፣ ሰው ውሳኔ በሚሰጥባቸው ዝርዝሮች ሁሉ የገጽ ቁጥር በመነሻ ረድፍ ይተካ፤ አሁን በሥራ ላይ ያሉትም በመቶው መዝገብ ፈተና ይመርመሩ። አራተኛ፣ ለአማርኛ የሚያስፈልገው የዐረፍተ ነገር፣ የፊደልና የቁጥር ጥንቃቄ በየመሥሪያ ቤቱ ተለያይቶ ከሚሠራ ባለሙያዎች አንድ ላይ ሆነው አዘጋጅተው ለሁሉም ክፍት ያድርጉት።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ወይም አዲስ ማሽን የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት ትንሽ መስሎ በታየው ሥራ ላይ እንደ ድልድይና እንደ ግድብ ሥራ ተቀምጦ ማስላትን ነው። ድልድይ ሲሰበር ሁሉም ያየዋል። በገጽና በገጽ መካከል የወደቀ ስም ግን ድምፅ አያሰማም፤ የሚያውቀው ተራውን እየጠበቀ በደጅ የሚመላለሰው ባለ ጉዳይ ብቻ ነው። እርሱ ወደ መሐንዲሱ ዘንድ መጥቶ ስለማይናገር፣ መሐንዲሱ አስቀድሞ ሊያስብለት ግድ ይሆናል።